«ለሙከራ ነው»፦ ከሰው ኃይል ክፍል ጓዳ

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምነግራችሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ ጠዋት ቡና ላይ የተወራ ነገር ከቀትር በፊት መናኸሪያ ይደርሳል። ስለዚህ የምሠራበትን ቤት ስም አልጠራም፤ የእኔንም አትጠይቁኝ። ሥራዬ የሰው ኃይል ነው። ማስታወቂያ አዘጋጃለሁ፣ ማመልከቻ እቀበላለሁ፣ ፋይል እከፍታለሁ፣ ፋይል እዘጋለሁ። አሁን ካለሁበት በፊት ሆቴል ነበርሁ፤ ከዚያ በፊት የግል ትምህርት ቤት። በሦስቱም ቤት አንድ ዓይነት ደብተር አጋጥሞኛል።

ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ከፔይሮሉ ጋር አይቀመጥም፤ የገቢዎች ሰው ሲመጣም ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ስም አለው፣ ስልክ ቁጥር አለው፣ የገቡበት ቀን አለው። የደመወዝ ዓምድ ግን አልተሰመረበትም። ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ «ሙከራ» ተብሎ ተጽፏል። ስማችሁ እዚያ ሰፍሮ ከሆነ፣ ወይም ነገ ሊሰፍር ከሆነ፣ ከውስጥ የሚታየውን ማወቅ አይጎዳችሁም።

ከማስታወቂያው ልጀምር። እኛ ዘንድ ማስታወቂያ አሁንም ወረቀት ነው፤ በመብራት ምሰሶ፣ በፎቶ ኮፒ ቤት በር፣ በሻይ ቤት መስኮት ይለጠፋል። ወጣቱ ወደ ቴሌግራም ዞሮ ነበር፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ግን ሁሉም ወደ ምሰሶው ተመለሰ። ወረቀቱን ስታነቡ «ደመወዝ በስምምነት» የሚለው አያስደንግጣችሁ፤ ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚጽፈው። ልብ ማለት ያለባችሁ «ተግባራዊ ፈተና የምታልፍ» የሚለውን ነው። አንድ ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ወርም ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያውን የማዘጋጀው እኔ እንኳ ስንት ቀን እንደሆነ አይነገረኝም። ሳይነገረኝ የሚቀረው ተረስቶ አይደለም።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። ብዙ ሰው፣ ሙከራ የሚጠራው ባዶ ወንበር ሲገኝ ይመስለዋል። ደብተሩን በየወሩ ብትገልጡት ግን ሌላ ነገር ታያላችሁ፦ ገጹ የሚሞላው ሥራ ሲበዛ ነው።

ሰኔን ውሰዱ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 የግብር ወቅት ይከፈታል፤ የ«ሀ» ደረጃ ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ሒሳቡን አዘጋጅቶ ማቅረብ አለበት። ዓመቱን ሙሉ በካርቶን ሲጣል የከረመ ደረሰኝ በቀን ተደርድሮ፣ ኮምፒውተር ላይ ተመዝግቦ ማለቅ አለበት። ልክ በዚያው ሰሞን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የአካውንቲንግ ተመራቂዎችን ያስወጣል። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና 50 እና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉ፣ ጊዜያዊ ዲግሪያቸውን በፕላስቲክ ይዘው የሚዞሩ ልጆች ናቸው። «ፒችትሪ ትችያለሽ?» ይባላሉ። «እችላለሁ» ይላሉ፤ የሒሳብ ፕሮግራሙን ተምረውታል። «እስኪ ይህን ካርቶን ደርድሪና እንይሽ።» ካርቶኑ የፈተና ወረቀት አይደለም፤ የዓመቱ ሒሳብ ነው። ግብሩ ተከፍሎ ክሊራንሱ ሲመጣ ፈተናውም ያልቃል። ውጤቱ በስልክ ይነገራል ተብሏል፤ ስልኩን የምደውለው እኔ ነኝ፤ እኔም እንዳልደውል ተነግሮኛል።

ትምህርት ቤት ያየሁት ከዚህ የረቀቀ ነው። መምህር ሲቀጠር አንድ ክፍለ ጊዜ ሰርቶ ማሳያ ቢያስተምር ነውር የለበትም። ርዕሰ መምህሩና የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ከኋላ ተቀምጠው ነጥብ ይይዛሉ፤ 40 ደቂቃ ነው፤ አለቀ። የሚረዝመው ከነሐሴ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ክረምቱን የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል፣ ምዝገባ ይጀመራል፣ አዲስ ክፍል ይከፈት አይከፈት ገና አልታወቀም። ባለቤቱ አራተኛውን ክፍል የሚከፍተው ተማሪ ከሞላ ብቻ ነው። እስኪሞላ ድረስ ሕፃናቱን ማን ይያዛቸው? የሙከራ መምህር። ተማሪው ከሞላ ትቀጠራለች፤ ካልሞላ «ክፍል አያያዝ ላይ ትንሽ ይቀራታል» ይባላል። የተማሪ ቁጥር ማነሱ የነጋዴው ኪሳራ መሆን ሲገባው፣ በእርሷ የአስተማሪነት ችሎታ ላይ ተጽፎ ይቀራል። እንደዚህ ያለውን ቃለ ጉባኤ በእጄ ፋይል ውስጥ አስገብቻለሁ፤ ቁጥርም አለው።

የሆቴሉ ደግሞ በዓል ይከተላል። ጥር ጥምቀት አለ፣ ሰርግ አለ፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ሰርግ ነው፤ ነሐሴ 13 የከተማዋ ስም ያለበት የደብረ ታቦር በዓል ነው። መንገዱ ደህና ሲሆን ከወረታ ወደ ወልድያ የሚያልፈው፣ በጋሸና ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው ተጓዥ ይጨመራል፤ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ አዳራሹ ባዶውን ይውላል። በእንዲህ ያለ ገበያ ቋሚ አስተናጋጅ መያዝ ይከብዳል፤ ይህን እረዳለሁ። የማይገባኝ ከሰርጉ በፊት ባለው ሳምንት የሚጠራው «የወጥ ቤት ፈተና» ነው። አንዲት ሴት ዶሮ ወጥ መሥራቷን ለማወቅ አንድ ዶሮ ይበቃል። ለሰርግ ቤት የሚወጣውን ሁሉ ሽንኩርት ከትፋ፣ ስታቁላላ አድራ፣ ጠዋት «በርበሬው በዛ» ከተባለች፣ በርበሬው የበዛበት ወጥ እኮ አልተደፋም፤ ታዳሚው በልቶት ሄዷል።

ንግግሩ እንዴት እንደሚሄድ ደግሞ ስሙ። የሚነገረው በቁጣ አይደለም፤ በአባትነት ነው።

«አንች ልጅ፣ የማን አገር ልጅ ነሽ?»

«ጋይንት ነኝ ጋሼ፣ ነፋስ መውጫ።»

«አይ፣ የእኛው ነሽ። ደመወዙን ለጊዜው ተይውና እጅሽን አሳይን።»

«እሽ ጋሼ። እስከ መቼ ነው?»

«ነይ እንጂ፤ እንተያያለን። ይህ ቤት እኮ ቤትሽ ነው።»

ልጅቷ ደስ ብሏት ትወጣለች። እኔ ስሟን ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ።

ያች ልጅ የምታርፍበትን ቤት እንይ። ከላይ ጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ፣ ከእብናት የመጣ ልጅ ወይ ዘመድ ቤት ያርፋል፣ ወይ ከጓደኛው ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ኪራይ አለ፣ ምሳ አለ፣ ሲመሽ ባጃጅ አለ። ስለዚህ ሙከራው «ያለ ክፍያ» ከመሆንም ያልፋል፤ ከፋዩ ራሱ ተሞካሪው ነው። አባቱ ገብስ ወይም ድንች ሸጦ የላከለትን እየበላ ለእኛ ይሠራል። ደብተሩ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ፦ ቀድመው የሚቀሩት ሰነፎቹ አይደሉም። ከተማ ውስጥ እናት ወይም አክስት የሌላቸው ናቸው። ቤተሰቡ እዚሁ ያለው ልጅ ወር ይቆያል፤ ከገጠር የመጣው በሳምንቱ ይጠፋል። ከዚያ ባለቤቱ «አየሽ፣ ትዕግሥት የላቸውም» ይለኛል። ፈተናው የለካው ሙያ ቢሆን ኖሮ ምንኛ ጥሩ ነበር። ያለ ገንዘብ ስንት ቀን መቆም እንደሚቻል ነው የለካው።

ሌላም ጉድ አለ። አዲሱ ተሞካሪ ሲመጣ ሥራውን የሚያሳየው ማን ነው? ባለፈው ሳምንት የገባው ተሞካሪ። ያልተከፈለው ያልተከፈለውን ያሠለጥናል። አሠልጣኙ በሚቀጥለው ሰኞ አይኖርም።

በዚያው ግቢ፣ በዚያው ሰዓት ሲሚንቶ የሚያወርዱ ልጆች አሉ። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ገንዘባቸውን ቆጥረው ይቀበላሉ። «ነገ እንተያያለን» ቢሏቸው መኪናው ሳይራገፍ ያድራል። ፎቅ ላይ ዲግሪ ይዛ ደረሰኝ የምትደረድረዋ ግን ባዶ እጇን ትወርዳለች። አገራችን የጉልበት ዋጋ መክፈል ጠፍቷት አያውቅም። ደቦ የጠራ ገበሬ እንኳ እንጀራና ጠላ ሳያቀርብ ሰው አያሰናብትም፤ ወንፈልም ቢሆን ዛሬ የሠራህልኝን ነገ እሠራልሃለሁ ነው። እኛ ቢሮ ውስጥ ያለው ግን ብድሩ የማይመለስ ወንፈል ነው።

ባለቤቶቹን ስጠይቅ፣ በቀስታ ነው የምጠይቀው፣ «ሕጉ ስልሳ ቀን ይፈቅድልናል» ይሉኛል። እዚህ ላይ ነው ጆሯችሁን የምፈልገው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 11 በእርግጥ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 45 ቀን ነበር፤ አሁን 60 የሥራ ቀናት ሆኗል፤ ሳምንቱን ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት ገደማ ማለት ነው። ቀሪውን ግን ባለቤቶቹ አያነቡትም። የሙከራ ጊዜ ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ሠራተኛው ሥራ ከጀመረበት ከመጀመሪያው ቀን ነው። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ሙከራውን እንደጨረሰው ሠራተኛ መብትና ግዴታ አለው። አሠሪው በሙከራ ጊዜ የሚያገኘው ጥቅም አንድ ነው፦ ሠራተኛው ለሥራው አይመጥንም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል፣ የሥራ ስንብት ክፍያና ካሣም አይጠየቅም። የሠራበትን ቀን ደመወዝ ግን ማንም አልማረለትም። ደመወዙ ከሙከራው ጋር አብሮ ይጀምራል።

እንግዲህ «መጀመሪያ ሁለት ሳምንት በነጻ እናይህና ከዚያ ፕሮቤሽን ትገባለህ» የሚለው ሕጉ ውስጥ የለም። ሁለቱ ሳምንት ራሱ ከስልሳው ላይ ይቀነሳል። ስልሳው አልፎ ሥራ ላይ ከቀጠላችሁ፣ ውሉ ሙከራው ከጀመረበት ቀን አንስቶ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለዚያው ሥራ በዚያው አሠሪ ተመልሶ የተቀጠረ ሰው ደግሞ እንደገና ለሙከራ አይቀመጥም፤ ይህን የምነግራችሁ በየዓመቱ ጥር ላይ እየተጠራችሁ «እንደ አዲስ» ለምትሞከሩት የሆቴል ልጆች ነው። «ወረቀት አልፈረምሽም» የሚለውም አያስፈራችሁ። የሥራ ውል በቃልም ይደረጋል፤ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ ጽሑፍ ፈርሞ መስጠት አለበት። ባይሰጥ ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ የእናንተ መብት አይጠፋም።

ለምን አይጽፉም ታዲያ? ፔይሮል ላይ የገባ ስም ወጪ አለው። ጡረታ አለ፦ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። የሥራ ግብር አለ። ወጥ ቤት ውስጥ ዘይት ቢያቃጥላት በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፤ አሠሪው ይጠየቅበታል። ደብተሩ ላይ ያለው ስም ግን በወረቀት የለም፤ ቢቃጠልም ለሻይ የመጣ እንግዳ ነው የሚባለው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ የደበቁባችሁን ልንገራችሁ። በነጻ የምትሠሩት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለልምድ ወረቀቷ ነው። «ደመወዝ ባይኖረውም ልምድ ይጻፍልሻል» ተብላችኋል። ወረቀቷን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ራስጌው ያምራል፣ ማኅተሙ ክብ ነው፣ «በቆይታዋ ታታሪ፣ ታማኝና ሥነ ምግባር ያላት» ይላል። ይህን ይዛችሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትወዳደራላችሁ። ማስታወቂያው ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብባችሁት ታውቃላችሁ? ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ለመሆኑ ማስረጃ ይቅረብ ይላል። የደመወዙን መጠን ጻፉ ይላል። እኔ ባዘጋጀሁት ወረቀት ላይ የደመወዝ መጠን የለም፤ ግብርም አልተከፈለም። መዝጋቢዋ አንድ ጊዜ ታየውና ለብቻ ታስቀምጠዋለች። «ነጻ አገልግሎት» የሚለው ቃል በልምድ ቆጠራ ላይ ዜሮ ሆኖ ይመጣል። ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት ይህ ነው። መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ የሠራተኞቹን ዝቅተኛ ደመወዝ 6000 ብር ካደረሰው ወዲህ ውድድሩ ጠንክሯል፤ ባዶ ወረቀት ይዞ የሚመለሰውም በዝቷል።

የጤና ባለሙያዎቹ ነገር ከሁሉ ያሳዝነኛል። ነርሱ፣ ጤና መኮንኑ፣ ላቦራቶሪው ተመርቆ ቅጥር ሲያጣ «እጄ እንዳይረሳ» ብሎ በየጤና ተቋሙ በነጻ ያገለግላል። ሌሊት ተረኛ ይገባል። ታማሚው «ዶክተር» እያለ ይጠራዋል፤ ጠዋት ቁርስ የሚያበላው ግን የለውም። ይህኛው ማታለል ያለበት አይደለም፤ ልጁ ራሱ ለምኖ ነው የገባው። ችግሩ በነጻ ገብቶ ክፍተቱን ሲሞላው፣ «የሰው እጥረት አለብን፤ መደብ ይፈቀድልን» ብሎ የሚጽፍ ኃላፊ ይጠፋል። ክፍተቱ አይታይማ።

ለባለቤቶቹም ላድላ እንጂ፣ ከእነርሱ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ሲቪ ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት አይደለም። ፒችትሪ እችላለሁ ብሎ ኮምፒውተሩን ማጥፋት የማያውቅ አይቻለሁ። የባህልና የፈረንጅ ምግብ እሠራለሁ ብላ ሽሮ ያሳረረችም ነበረች። ካሽር ሆኖ ገብቶ የቀኑን ገቢ ይዞ የተሰወረ አለ፤ ዋስ ጥሩ የምንለው በዚህ ነው። በዚያ ላይ የዚህ አገር ነጋዴ በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ጋይንት ድረስ ሲገባ አይቷል፤ ከ2015 ወዲህም መንገዱ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ ነው። ሰው ሳያይ መቅጠር ያስፈራዋል። ማየቱ መብቱ ነው። ነገር ግን ማየት ሌላ፣ ማሠራት ሌላ። እዚሁ ከተማ አንዲት ዳቦ ቤት ያላቸው እናት አሉ፤ አዲስ ጋጋሪ ሲያስገቡ የመጀመሪያዎቹን ቀኖች በቀን ሠራተኛ ሒሳብ ይከፍላሉ። ካልጣማቸው ያሰናብታሉ፤ ሒሳቡን ሰጥተው ነው ታዲያ። «እጇ የነካውን ዳቦ ሸጬዋለሁ እኮ» ይላሉ። እርሳቸው ዘንድ ደብተር የለም።

ወሬ ከተነሣ አይቀር፣ በዚህ ምድር «ሞክሩና እንያችሁ» የተባለው የመጀመሪያው ሰው የዘንድሮ ተመራቂ አይደለም። ከከተማዋ ብዙም በማትርቀው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከባዝል አካባቢ ከቅድስት ክሪሾና የመጡትን ሙያተኛ ሚስዮናውያን፣ እነ ቫልድማየርን፣ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። ወንጌል ሊሰብኩ፣ የእጅ ሙያ ሊያስተምሩ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ መድፍ ማቅለጥ አናውቅም አሉ። ሞክሩ ተባሉ። ሞከሩ፣ ከሸፈ፣ ደግመው ሞከሩ፤ ሲሳካ ንጉሡ ሸለሟቸው። መጨረሻ ላይ 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው የሴባስቶፖል መድፍ ወጣ፤ በ1860 በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ገባ። ነጻ ሰዎች ነበሩ ልላችሁ አልችልም፤ አገር ለቀው እንሂድ ቢሉ አይፈቀድላቸውም ነበር። ሆኖም ያ ቁጡ ንጉሥ እንኳ የሞከረን ሰው ባዶውን አልሸኘም። ይህን ለባለቤቱ ብነግረው «እኔ ቴዎድሮስ ነኝ?» እንደሚለኝ ስለማውቅ ትቼዋለሁ።

ውጭ አገርም ያው ነው፤ የእኛ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። በብሪታንያ ፓርላማ ስቱዋርት ማክዶናልድ የሚባል የግላስጎው ተመራጭ ያለ ክፍያ የሚደረግ የሙከራ ፈረቃን የሚከለክል ረቂቅ አቅርቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 ውይይቱ በንግግር ተራዝሞ ሰዓቱ አለቀበት። አውስትራሊያ ደግሞ አንድ መለኪያ አላት፤ ለእኔ የተሻለ የሚመስለኝ እርሱ ነው። ያለ ክፍያ መሞከር የሚቻለው ሙያውን ለማሳየት ለሚያስፈልገው አጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ ፈታኙም ቆሞ ማየት አለበት። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ሥራ ነው፤ ይከፈላል።

ፈታኙ ቆሞ ማየት አለበት የሚለውን ያዙልኝ። እውነተኛ ፈተና ፈታኝ አለው። አጠገባችሁ ቆሞ ነጥብ የሚይዝ ሰው ከሌለ፣ ሥራውን ሰጥቶአችሁ እርሱ ባንክ ከሄደ፣ እየተፈተናችሁ አይደለም። ሌላው ምልክት የሠራችሁት ነገር መድረሻ ነው። የፈተና ሒሳብ ሲያልቅ ይቀደዳል፤ የእናንተ ሒሳብ ግን ገቢዎች ከገባ፣ ያስተማራችሁት ክፍል ወላጅ ከከፈለበት፣ ያወጣችሁት ሳህን ሒሳብ ከተከፈለበት፣ ተሽጧል ማለት ነው። አንዳንድ ቢሮ ደግሞ «ፕሮፖዛል ጽፋችሁ አምጡ» ይላል ለፈተና። ከስምንት አመልካቾች ጥሩ ጥሩው ተለቃቅሞ አንድ ፕሮፖዛል ይሆናል፤ ተቀጣሪው ግን ቀድሞ የታወቀ ነው። ከሰጣችሁ በኋላ ቅጂውን በኢሜላችሁ አስቀሩ፤ ቀን ይኖረዋል።

ስትገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ቀን ነው፣ ማን ነው የሚያየኝ፣ ውጤቱ መቼ ይነገረኛል። በትሕትና ጠይቁ፤ «ጋሼ፣ ቤት ኪራይ ስላለብኝ ነው» ብላችሁ። መልሱ ካልጣማችሁ ማታ በስልክ አጭር መልእክት ላኩ፦ «ዛሬ እንደነገሩኝ ሥራ ጀምሬያለሁ፣ ነገ አንድ ሰዓት እገባለሁ።» እርሱ «እሽ» ብሎ ከመለሰ ቀኑ ተመዘገበላችሁ።

የሒሳብ ልጆች፣ የወጪ ማዘዣ ላይ «ያዘጋጀው» በሚለው ቦታ ፊርማችሁን አትርሱ። በፊርማችሁ የተሞላ ካርቶን ይዞ «ይህችን ልጅ አላውቃትም» ማለት ዳኛ ፊት ይከብዳል። መምህራን፣ የትምህርት ዕቅዱን ተጠሪውን አስፈርሙ፤ የተማሪ ስም መጥሪያ መዝገብ ላይ የእናንተ እጅ ጽሑፍ ይኑር። አስተናጋጆች፣ የተረኛ ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ በስልካችሁ አንሱት። እነዚህን ማስረጃዎች ከቢሮ የምናጠፋበት መንገድ የለንም፤ ለኦዲት ያስፈልጉናልና።

ያልተከፈለ ደመወዝ ጥያቄ መክፈል ከነበረባቸው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በሰኔ የደረደራችሁትን ደረሰኝ በጥር ብታስታውሱት ዋጋ የለውም። መጀመሪያ የከተማውን ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያይ ባለሙያ አለ፤ ጠርቶ ያነጋግራል። ካልሆነ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

ይህን ማድረግ ዋጋ አያስከፍልም አልላችሁም፤ ያስከፍላል። ሦስቱን ጥያቄ ከጠየቃችሁ ባለቤቱ ወደ እኔ ዞሮ «ይህች ሕግ አዋቂ ናት፣ ተያት» ሊለኝ ይችላል። ተብሎ ያውቃል። ያን ቀን ሥራውን ታጣላችሁ። ካጣችሁት ውስጥ ግን ደመወዝ እንዳልነበረበት ደብተሩን የያዝሁት እኔ አውቃለሁ።

አልፎ አልፎ ደግሞ እንዲህ ይሆናል። አንዲት ልጅ ያንን ሁሉ ፊርማና የስልክ መልእክት ይዛ ከጽሕፈት ቤቱ ሰው ጋር ትመጣለች። ባለቤቱ አንድ ጊዜ ያያታል፣ አንድ ጊዜ እኔን ያያል፤ ከዚያ «ስጫትና ትሂድ» ይላል። ጩኸትም የለ፣ ይቅርታም የለ። ገንዘቡ ከጥቃቅን ወጪ ይወጣል፤ ልጅቷ ቆጥራ ትፈርማለች። «የክፍያው ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ ደግሞ «ለቀን ሠራተኛ» ብዬ እሞላለሁ፤ ከሲሚንቶ አውራጆቹ ቀጥሎ።